እግር የከዳው ሽማግሌ ውሻ
ያረጀ ውሻ በድንገት ሲያነክስ ወይም መቆም ሲያቅተው ገበሬው ምን ማድረግ ይገባዋል?



ስለ ስንዴ ዋግና ስለ በቆሎ ተምች የምጽፍላችሁ ሰው ዛሬ ስለ ውሻ ስጽፍላችሁ ትገረሙ ይሆናል። ነገር ግን ውሻ ከእርሻ ሥራ ውጭ አይደለም። ጅቡን ከበረት፥ ጃርቱንና ከርከሮውን ከማሳ፥ ሌባውን ከጎተራ የሚያርቅልን እርሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፥ ቀን የበላትን ቁራሽ ሌሊት እንቅልፉን አጥቶ ይከፍላታል። ስለዚህ የበሬያችንን እግር እንደምንመለከት የውሻችንንም እግር መመልከት ይገባናል።

ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። በአንድ የደጋ ወረዳ የስንዴ ማሳ ልመለከት ሄጄ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት አደርሁ። የቤቱ ውሻ መቻል ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ አፉም ዙሪያውን ሸብቷል። ማታ ስንገባ የኋላ እግሮቹ እየተጠላለፉበት ሲንገዳገድ አየሁት። ባለቤቱ «ምን ሆኖ ይሆን፥ ልጄ? ትናንት እኮ ደኅና ነበር» ቢሉኝ፥ እኔ ሳላስብ «እርጅና ነው እንጂ ምን ይሆናል፥ አባቴ» ብዬ አለፍሁት።

በማግሥቱ ጧት መቻል ጨርሶ መነሣት አቃተው። የታች መንጋጋው ወርዶ አፉ እንደ ተከፈተ ቀርቷል፤ ለሃጩም ይዝረበረባል። አሥር ዓመት የሚሆነው የቤቱ ልጅ «አጥንት ገብቶበታል» ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ሊሰድድ ተንበርክኮ ነበር። ቀደም ብሎም ወተት ሲያጠጣው ለሃጩ በእጁ ላይ ፈስሷል፤ በእጁም ላይ የአጋም እሾህ የጫረው ቍስል ነበረ። ያን ጊዜ ማታ የተናገርሁት ቃል ልቤን አቃጠለኝ። ልጁን ጎትቼ አስነሣሁት፤ እጁን በሳሙናና በብዙ ውሃ አሳጠብነው፤ አባቱም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ውሻው በአራተኛው ቀን ሞተ። ጭንቅላቱ ተመርምሮ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ታወቀ። ልጁ ክትባቱን በሙሉ ስለ ጨረሰ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ትምህርቱንም ይማራል።

እንግዲህ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ተመልከቱ። ቀጥሎ ያለውን ትምህርት በተራ በተራ አንብቡት፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

1ኛ፤ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም

ውሻ እንደ ዘሩና እንደ ቁመቱ ቢለያይም፥ ሰባትና ስምንት ዓመት ከሞላው ሸምግሏል ማለት ይቻላል። በሸመገለ ውሻ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያውም ይቆጣል፤ ያብጣል። ሰው ቁርጥማት የሚለው ዓይነት ሕመም ነው።

የዚህ ሕመም ጠባይ የታወቀ ነው። ውሻው ጧት ከመኝታው ሲነሣ ይገታተራል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይፍታታል። በብርድና በክረምት ይብስበታል። ቀድሞ በአንድ ዝላይ ያልፈው የነበረውን ካብ አሁን ዞሮ ያልፈዋል። ይህ ሁሉ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ትናንት ሲሮጥ የዋለ ውሻ ዛሬ መቆም ካቃተው ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መፈለግም አለበት።

2ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ

ውሻውን በእጃችሁ ከመንካታችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ ቁሙና «የእብድ ውሻ በሽታ ይሆንን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል በዐይኑ የሚመጣበት ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ብቻ ነው። በሽታው ግን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ቁጡው መልክ ነው፤ ውሻው ይቅበዘበዛል፤ ሰውንም እንስሳንም፥ እንጨትንም ድንጋይንም ይነክሳል። ሁለተኛው ጸጥተኛው መልክ ነው፤ ውሻው ጥግና ጨለማ ይፈልጋል፤ መንጋጋው ይወርዳል፤ እግሮቹ ይዝላሉ፤ ብዙ ጊዜም ከኋላ እግሩ ጀምሮ ሽባ ይሆናል። ሰውን የሚያታልለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ውሻው ስለማይናከስ ሰው አዝኖለት ይቀርበዋልና። ቁጡውም ቢሆን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ሽባ ይሆናል።

ከዚህ በታች ካሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ከእግሩ ድካም ጋራ ቢታይ፥ በሽታው እንዳለበት ቍጠሩና ከውሻው ራቁ።

ሀ/ ጠባዩ ተለውጧል፤ ገራሙ ተቈጥቷል፥ ወይም ቁጡው ያለ ልማዱ ተለማምጧል።
ለ/ ድምፁ ተለውጧል፤ ሲጮኽ ይጎረናል።
ሐ/ የታች መንጋጋው ወርዷል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ አጥንት የገባበት ይመስላል።
መ/ መዋጥ አቅቶታል፤ ውሃ በአፉ ይዞ መልሶ ያፈስሰዋል።
ሠ/ እንጨት፥ አፈር፥ ጨርቅ የመሰለ የማይበላ ነገር ይበላል።
ረ/ ባለፉት ወራት የማይታወቅ ውሻ፥ ቀበሮ ወይም ሌላ አውሬ ነክሶታል።
ሰ/ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አልተከተበም።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ምልክቶች ሳይሆኑ ታሪኮች ናቸው፤ ነገር ግን ከምልክት ይልቅ ሊያስጠነቅቁን ይገባል። በየዓመቱ የተከተበ ውሻ በዚህ በሽታ የመያዙ ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ ምልክቶቹን ካሳየ ግን እርሱም ቢሆን አይታመንም።

አንድ የተሳሳተ ሐሳብም እናርም። «ውሃ አይቶ ካልሸሸ እብድ አይደለም» የሚሉ አሉ። ውሃ መፍራት በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ምልክት ነው እንጂ የውሻ ምልክት አይደለም። የታመመ ውሻ ወደ ውሃ ሊሄድ፥ ሊጠጣም ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ በውሃ አትፈትኑት።

በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። የበሽታው ቫይረስ ከታመመ እንስሳ ለሃጭ ጋራ በንክሻ ወይም በተላጠ ቆዳ ይገባል። ከዚያም በደም ሳይሆን በነርቭ ላይ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ወደ ለሃጭ ዕጢዎች ይወርዳል። ስለዚህ ውሻው ምልክት ከማሳየቱ ጥቂት ቀናት በፊትም ለሃጩ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሐኪሞች የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ይጠበቅ የሚሉትም ለዚህ ነው፤ በነከሰበት ጊዜ ለሃጩ በሽታ ከነበረው፥ አሥር ቀን ሳይሞላ ምልክቱ ይታያል፥ ወይም ይሞታል።

3ኛ፤ ጥርጣሬ ካለ ምን ይደረጋል?

1/ ልጆችን፥ ከብቶችንና ሌሎች ውሾችን ከአካባቢው አርቁ።
2/ ውሻውን ለማሰር አትቅረቡት። ያለበትን ጋጣ ወይም አጥር ከውጭ ዝጉበት።
3/ ወተት፥ ቅቤ፥ መድኃኒት እናጠጣው አትበሉ። እጃችሁን ወይም እንጨት ወደ አፉ አትስደዱ።
4/ በዚያው ቀን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አስታውቁ።
5/ ሰው ላይ ካልተነሣ በቀር ቸኩላችሁ አትግደሉት። መግደል ግድ ቢሆን ጭንቅላቱን አትምቱ፤ በሽታው የሚመረመረው በአንጎሉ ነውና።
6/ ሲሞት በባዶ እጅ አትንኩት፤ ቆዳውን አትግፈፉ፤ ለአሞራና ለጅብ ሜዳ ላይ አትጣሉት። ባለሙያው ከተመለከተው በኋላ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።
7/ ውሻው የነከሰው ከብት ካለ ለብቻው አድርጉትና ለሐኪሙ ንገሩ። የተጠረጠረችን ላም ወተት አትጠጡ፤ ሥጋዋንም አትብሉ።

4ኛ፤ ሰው ከተነከሰ ወይም ለሃጭ ከነካው

ይህን ክፍል በቃላችሁ ያዙት። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከእነዚህም ከ100 ሰዎች 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚያመጣውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ይህን ያሳየው ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ነው፤ በ1885 እ.ኤ.አ. እብድ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ አዳነው። ክትባቱ የሚያድነው ቫይረሱ ገና በነርቭ መንገድ ላይ ሳለ ቀድሞት ስለሚደርስ ነው። ስለዚህ ቀን ማባከን ሕይወት ማባከን ነው።

ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት፥ ማለት 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ቍስሉ ትንሽ ቢሆንም፥ ጭረት ብቻ ቢሆንም እንዲሁ አድርጉ። ለሃጭ ዐይን ወይም አፍ ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ዐመድ፥ ቅቤ፥ በርበሬ፥ ላምባ፥ የቅጠል ጭማቂ በቍስሉ ላይ አታድርጉ። ከታጠበ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ነገሩንም እንደ ሆነው ንገሩ።

ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም። የጤና ባለሙያው በቀጠረው ቀን ሁሉ ተመላልሶ መጨረስ ያስፈልጋል። «ደኅና ነኝ» ብሎ በመሐል መተው ሞትን መጥራት ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም ሕፃንም ይከተባሉ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ክትባቱን ግን ማንም አይተው። በባሕል መድኃኒት ብቻ ታምነው ሳምንት የሚያሳልፉ ሰዎች ጊዜያቸውን ያጣሉ።

5ኛ፤ የጥርጣሬ ምልክት ከሌለ፤ እግሩን እንዴት እንመረምራለን?

ውሻው ጠባዩ ካልተለወጠ፥ በደንብ ከበላና ከጠጣ፥ መንጋጋውም ደኅና ከሆነ እግሩ ይመርመር። ይህንም የሚያደርገው ውሻው የሚያውቀው አንድ አዋቂ ሰው ነው፤ ልጅ አያድርገው። የሚያምመው ውሻ ጌታውን ቢነክስ አያስደንቅምና አስቀድማችሁ ረጅም የጨርቅ ቁራጭ ወስዳችሁ አፉን እሰሩ። ጨርቁ በአፍንጫው ላይ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ከአገጩ ሥር ይተላለፋል፤ ከጆሮዎቹ በስተኋላ ይታሰራል። አፍንጫው እንዳይታፈን ተጠንቀቁ፤ ምርመራው እንዳለቀም ፍቱት።

አስቀድማችሁ ቆሞ ወይም ሲራመድ ተመልከቱት። የትኛውን እግር ያነሣል? የትኛውን ይጎትታል? ጀርባውን ያጎብጣል? ራሱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል? ከዚያ በኋላ ከታች ወደ ላይ በዳበሳ ሂዱ። ከመዳፉና ከጣቶቹ መካከል ጀምራችሁ፥ ወደ ቁርጭምጭሚቱ፥ ወደ ጉልበቱ፥ ወደ ዳሌው፥ በመጨረሻም ወደ አከርካሪው ድረሱ። ደኅነኛውንና የታመመውን እግር እያመሳሰላችሁ ሙቀቱን፥ እብጠቱንና ሕመሙን መርምሩ።

አንድ ቀላል ፈተናም አለ። ውሻውን ደግፋችሁ እያቆማችሁ መዳፉን ገልብጡትና በጀርባው መሬት ላይ አስቀምጡት። ነርቩ ደኅና የሆነ ውሻ ወዲያው መልሶ ያስተካክለዋል። ሳያስተካክል እንደ ተገለበጠ ከተወው ችግሩ ከእግሩ ሳይሆን ከአከርካሪው ወይም ከነርቩ ሊሆን ይችላል።

6ኛ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኙ ምክንያቶች

እሾህና ቍስል። የሚያነክስ ውሻ ሁሉ አስቀድሞ መዳፉ ይታይ። እሾህ፥ ስባሪ ጠርሙስ፥ የተሰነጠቀ ጥፍር፥ በጣቶቹ መካከል የተጣበቀ መዥገር ሊገኝ ይችላል። እሾሁን ንቀሉ፤ አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙና ያልተቆለለ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ቍስሉን እጠቡ። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። መግል ከያዘ ወይም የጅብ ንክሻ ከሆነ ወደ ክሊኒክ ይሂድ።

ስብራትና ውልቃት። እግሩ ያለ ልኩ ከተጣመመ፥ ካበጠ፥ መሬት ጨርሶ ካላስነካው ይህ ነው። አትጎትቱት፤ አጥብቃችሁም አትሰሩት። አጥብቆ የታሰረ እግር ደም ተከልክሎ ይበሰብሳል። ውሻውን በሳንቃ ወይም በጠንካራ ጆንያ ላይ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የጉልበት ጅማት መበጠስ። ሸምገል ያለና የወፈረ ውሻ ሲሮጥ ወይም ሲዘል በድንገት ጮኾ አንድ የኋላ እግሩን ያነሣል። ቍስል አይታይም፤ ሲቆም በጣቱ ጫፍ ብቻ ይረግጣል። ትንሽ ውሻ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሩጫና ከዝላይ ቢከለከል ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ትልቅ ውሻ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያ በማይገኝበት ስፍራ ረጅም ዕረፍትና ክብደት መቀነስ ይረዱታል።

የአከርካሪ ጉዳት። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል ሲያረጅ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ሾልኮ ወጥቶ በውስጥ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል። ውሻው ጀርባውን ያጎብጣል፤ ሲነሣ ይጮኻል፤ የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ ወይም ይጎተታሉ፤ ሽንቱንም መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል። ቶሎ ወደ ሐኪም ከደረሰ ተስፋ አለው። በብብቱ አንጠልጥላችሁ አትሸከሙት፤ በሳንቃ ላይ አድርጉት። ይህ ሕመም ከጸጥተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ጋራ ስለሚመሳሰል፥ ያልተከተበ ውሻ ከሆነ አሥሩ ቀን እስኪሞላ ድረስ ለብቻው ይጠበቅ።

የሚዛን መሳት። ያረጀ ውሻ በድንገት ራሱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ፥ ዐይኖቹ ወዲያና ወዲህ እየዋዠቁ፥ እንደ ሰከረ ሊወድቅ ይችላል። ሊያስመልሰውም ይችላል። ይህ ከውስጠኛው የጆሮ ክፍል የሚመጣ፥ በሽማግሌ ውሾች ላይ የታወቀ ሕመም ነው። ላየው ሰው ሊሞት የደረሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ መሻል ይጀምራል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንትም ይድናል። ስለዚህ «አለቀለት» ብላችሁ አትግደሉት። እርሱም ቢሆን እስኪለይለት ድረስ ተለይቶ ይቀመጥ።

መርዝ። በዚህ ላይ እኛ የሰብል ባለሙያዎችና ገበሬዎች ተጠያቂዎች ነን። ማላታዮንና ዳያዚኖን የመሳሰሉት የተባይ መድኃኒቶች ውሻን ያስለሃጫሉ፤ ያስነባሉ፤ ያንቀጠቅጣሉ፤ የዐይን ብሌኑን ያጠብባሉ፤ እግሩንም ያዝላሉ። መዥገር ለማጥፋት ብላችሁ ለሰብል የተሠራ መድኃኒት በውሻ ገላ ላይ አትቀቡ። የተረጨበትን ዕቃ ለውሻ ውሃ መጠጫ አታድርጉ። መድኃኒቱ ገላው ላይ ከፈሰሰ የላስቲክ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙናና በውሃ እጠቡትና የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ፍጠኑ። ሐኪሙ ስሙን ካየ መፍትሔውን ያውቀዋል። ምን እንደ ነካው ካልታወቀ ግን የሚያስለሃጭ ውሻ ሁሉ እንደ እብድ ውሻ ይቈጠር።

7ኛ፤ የሰው መድኃኒት ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል

«ሕመም ማስታገሻ ነው» ብላችሁ ፓራሲታሞል፥ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ለውሻ አትስጡ። የውሻ ጕበትና ኩላሊት እነዚህን መድኃኒቶች እንደ ሰው አድርጎ አያስወግድም። ጨጓራው ይደማል፤ ኩላሊቱ ወይም ጕበቱ ይጎዳል፤ ሊሞትም ይችላል። ለውሻ የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፤ እርሱን ግን የእንስሳት ሐኪም ክብደቱን ተመልክቶ ያዝዛል። ከታዘዘው በላይ አትስጡ፤ ሁለት ዓይነት ማስታገሻም አትቀላቅሉ።

8ኛ፤ መነሣት ያቃተውን ውሻ ስለ ማስታመም

በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ አለመሆኑ ሲታወቅ፥ የሚቀረው ሥራ ትዕግሥት ነው። ደረቅና ወፍራም የጭድ መኝታ አብጁለት። ጭዱ ሲረጥብ ለውጡ። በየአራት ሰዓቱ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ገልብጡት፤ አለዚያ ገላው ይላጣል። ሽንቱና እዳሪው ከነካው እጠቡና አድርቁት። ውሃና ምግብ ከአፉ አጠገብ አድርጉለት። መቆም ሲጀምር ሰፊ ጨርቅ ወይም ጆንያ ከሆዱ ሥር አሳልፋችሁ የኋላውን እየደገፋችሁ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ጥቂት አራምዱት። ጥፍሩ እንዳይረዝም ቁረጡለት። አታወፍሩት፤ ያረጀ ጉልበት ትርፍ ክብደት አይችልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነና በሥቃይ ላይ ከሆነ፥ ሐኪሙ በመርፌ በጸጥታ እንዲያሳርፈው ጠይቁ። ዘጠኝና አሥር ዓመት ደጃችንን የጠበቀ እንስሳ በድንጋይ ወይም በገመድ ወይም በመርዝ መሞት አይገባውም።

9ኛ፤ ሳይቃጠል በቅጠል

የእግርን ሕመም ሁሉ መከላከል አንችልም፤ ከሁሉ የከፋውን ግን መከላከል እንችላለን። ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ይደገም። «አርጅቷል፥ ምን ያደርግለታል» ብላችሁ ሽማግሌውን አታስቀሩ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶው 70ው ቢከተቡ በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ያጣል። የአንድ ቤት ክትባት ለጎረቤትም አጥር ነው ማለት ነው።

ያልተከተበ ውሻ የሚያመጣው ጉዳት በሰውና በከብት ላይ አያበቃም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፥ ከአገራችን በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ፥ ከቤት ውሾች በተዛመተ በዚህ በሽታ ደጋግሞ አልቋል። በ1991 እና 1992፥ ደግሞም በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. በሽታው በገባበት የወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የእረኞችን ውሾች መከተብ፥ በወረርሽኝ ጊዜም ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ ዋነኛ ሥራ ሆኗል።

10ኛ፤ ለልማት ሠራተኞች

አንድ ገበሬ «ውሻዬ እግሩን ይዞታል» ብሎ ቢመጣ፥ እንደ እኔ ሳቅ ብላችሁ አትለፉት። አምስት ነገር ጠይቁና ጻፉ። መቼ ጀመረው? መቼ ተከተበ? ባለፉት ወራት ምን ነከሰው? መንጋጋው፥ ድምፁና ጠባዩ እንዴት ነው? ማንን ነክሷል፥ ወይም ለሃጩ ማንን ነክቷል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለእናቲቱም ለልጆቹም ለየብቻ ጠይቁ፤ ልጅ ቍጣ ፈርቶ ይደብቃልና። ከዚያ ለእንስሳት ጤና ክሊኒኩም ለጤና ጣቢያውም በአንድነት አስታውቁ። ለአንዱ ነግሮ ሌላውን መተው ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። በቀበሌያችሁ ያሉትን ውሾችም በመዝገብ ያዙ፤ የክትባት ቀን ሲደርስ ማን እንደ ቀረ የምታውቁት በዚህ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

በማኅበር ስትሰበሰቡ ወይም ማታ እሳት ዙሪያ ተቀምጣችሁ እነዚህን እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ።

1/ ቀስ ብሎ የመጣ ድካምና በአንድ ሌሊት የመጣ ድካም እንዴት ይለያሉ?
2/ መንጋጋው የወረደ ውሻ ስናይ እጃችንን ወደ አፉ የማንሰድደው ስለ ምንድር ነው?
3/ የተነከሰ ቍስል በምን ይታጠባል? ስንት ደቂቃስ?
4/ የነከሰ ውሻ ለምን አሥር ቀን ይጠበቃል?
5/ በእናንተ ቀበሌ ስንት ውሻ አለ? ከእነርሱስ ዘንድሮ የተከተበው ስንቱ ነው?

አምስተኛውን ጥያቄ መመለስ ካልቻላችሁ፥ ነገ ጧት ቤት ለቤት ዞራችሁ ቍጠሩና ቍጥሩን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አድርሱ። የሚከተበው ውሻ ስንት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ክትባት በበቂ አይመጣምና።